ገዳሪፍ፦ የቤት ሠራተኛን በሕግ መቅጠር ለምን ከባድ ሆነ?

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ጋላባትን አልፎ ገዳሪፍ የሚያደርሰው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በዚህ መንገድ ለአሥርት ዓመታት ሁለት ዓይነት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተመላልሰዋል። አንደኞቹ በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች የሚሰማሩት የወቅት ሠራተኞች ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ በሰው ቤት ምግብ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥቡና ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። የእርሻ ሠራተኛው በአደባባይ ይታያል፤ የቤት ሠራተኛዋ ግን ከተዘጋ በር ጀርባ ስለምትውል ችግሯም ሆነ መብቷ ከሰው ዓይን ይሰወራል።

በገዳሪፍ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ሊቀጥር የሚሻ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅም ሆነ ለእርዳታ ሥራ ከውጭ የመጣ ቤተሰብ፣ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሕጋዊው መንገድ የትኛው ነው? መልሱ የሚያሳየው ችግሩ ከአሠሪው ቅንነት ማጣት ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን ነው። የሁለቱ አገሮች ሕጎች በድንበሩ ላይ አይገናኙም።

ሁለት ሕጎች፣ አንድ ክፍተት

በኢትዮጵያ በኩል መሠረቱ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ናቸው። የ2008ቱ አዋጅ ዜጎች ለሥራ የሚላኩት ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ወደፈረመችባቸው አገሮች እንዲሆን ደነገገ። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪዎችን በአሠሪው ላይ ጣለ። አሠሪ ያለ ኤጀንሲ በቀጥታ የሚቀጥርበትንም ዕድል በጠባቡ ገደበ።

ይህ ሥርዓት የተቀረጸው በዋናነት በአውሮፕላን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ መሰል አገሮች ለምትሄደው ሴት ነው። በእግርም ሆነ በጭነት መኪና ጋላባትን ለምትሻገረው ግን ኤጀንሲው፣ የቅድመ ጉዞ ሥልጠናውና የተመዘገበው ውል ሩቅ ናቸው። በቦታቸው የሚገኘው ደላላ ነው።

በሱዳን በኩል ደግሞ እ.አ.አ. የ1997ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። እነርሱን የሚመለከተው እ.አ.አ. በ1955፣ ማለትም አገሪቱ ነፃነቷን ከማወጇ አስቀድሞ፣ የወጣ የቤት አገልጋዮች ሕግ ነው።

ሆኖም ጎረቤትን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ፣ ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶታል። በአገሯ ያለ ጽሑፍ ውል መሥራት የለመደች ሴት ድንበር ስትሻገር ውል ለመጠየቅ ምን ያህል ድፍረት ታገኛለች?

ከመጠለያ ጣቢያ ለሚወጡት

ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ የሥራ ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራ ይፈቅዳል። በሌላ በኩል ግን ሱዳን በ1951ዱ ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት የመዘዋወር ነፃነትን በሚመለከተው አንቀጽ 26 ላይ ተዐቅቦ አስመዝግባለች፤ ከመጠለያ ለመውጣትም የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ስደተኛ በከተማዋ በሕግ ለመቀጠር ሁለት ፈቃዶች ያስፈልጓታል። ሁለቱን ሳትይዝ ብትገኝ በፖሊስ ፊት ተጠያቂዋ አስቀድማ እርሷ እንጂ አሠሪዋ አይደለም።

ጦርነቱ የገለጠው

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት የዚህን ክፍተት ዋጋ አጉልቶ አሳየ። ገዳሪፍ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ስትቀበል፣ መተማ ደግሞ የብዙ አገሮች ዜጎች መሸሻ ሆነች። አሠሪው ቤቱን ዘግቶ ሲሸሽ ፓስፖርቷ በእርሱ መሳቢያ ውስጥ የቀረባት ሠራተኛ ማንነቷን ማስረዳት ይቸግራታል። የጽሑፍ ውል የሌላት ደግሞ ያልተከፈላትን የወራት ደመወዝ ማን እንደሚከፍላት ልታሳይ አትችልም። በሰላም ጊዜ ተራ ቅጽ የሚመስለው ወረቀት በጦርነት ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በአሠሪው እጅ ያለው

እ.አ.አ. በ2011 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 መለኪያውን በግልጽ አስቀምጧል። ሠራተኛዋ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዶቿን በራሷ እጅ ትይዛለች። ደመወዟ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይከፈላታል። በሳምንት ቢያንስ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ታገኛለች። ድንበር ተሻግራ የምትቀጠር ከሆነም ከመነሳቷ በፊት የጽሑፍ የሥራ ጥሪ ወይም ውል ሊደርሳት ይገባል።

ከእነዚህ አብዛኞቹን ለመፈጸም መንግሥታትን መጠበቅ አያስፈልግም። በገዳሪፍ የሚኖር ቤተሰብ ሠራተኛዋ በምታነበው ቋንቋ ውል ሊጽፍ፣ ክፍያውን በፊርማ ሊያስመዘግብ፣ የፈቃዷን ወጪ ሊሸፍን ይችላል። በተለይ ስለ ሰብአዊ መብት ለመሥራት የመጡ የውጭ አገር ቤተሰቦች ከራሳቸው ማዕድ ቤት ቢጀምሩ ይገባቸዋል።

የግለሰብ ቅንነት ግን የሕግን ቦታ አይተካም፤ ቤተሰቡ ውል ቢጽፍም የሥራ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። ዘላቂው መፍትሔ አዲስ አበባ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሰጠችውን ትኩረት ለምዕራብ ድንበሯም መስጠቷ፣ ሱዳንም የቤት ሠራተኞችን በሥራ ሕጓ ጥላ ሥር ማስገባቷ ነው። ጦርነቱ ባላበቃበት ወቅት ይህን መጠየቅ የቅንጦት ይመስል ይሆናል። የጋላባት መንገድ ግን የሱዳንን ሰላም አይጠብቅም፤ ሴቶቹ ዛሬም ይሻገሩበታል።