ለገበያ የደረሰ ዓሣ ሲቆስል

ዓሣ እርባታ "ኩሬ ቆፍሮ ትርፍ መጠበቅ" ነው እየተባለ በየደላላው አፍ ሲወደስ እንሰማለን። ስሌቱም አጭር ነው፤ የጫጩት ዋጋ፣ የመኖ ዋጋ፣ ከዚያ የሁዳዴ ገበያ። የቁስል በሽታ የሚያስከትለው ኪሳራ ግን ከስሌቱ ውስጥ የለም።

የበሽታው ዋነኛ መንስኤ ኤሮሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በወንዙም በሐይቁም የሚኖር ስለሆነ "ውኃዬ ንጹሕ ነው" ማለት ዋስትና አይሆንም። ዓሣው ሲጨናነቅ፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም መረብ ቆዳውን ሲልጠው ይበረታበታል። ቆዳው ይደማል፣ ይቆስላል፣ ሆዱ ያብጣል፤ ከዚያ ይሞታል።

ማጋነን የመሰለው ካለ አላባማን ይመልከት። በዚያች የአሜሪካ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 የእኛ አምባዛ የሩቅ ዘመድ የሆነውን ካትፊሽ የሚያረቡ ሰዎች ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፣ ማለትም 1,360 ቶን ያህል ዓሣ እንዳጡ ተገምቷል። ይበልጥ የተጎዳው ደግሞ ጫጩቱ ሳይሆን ለገበያ የደረሰው ነው። መኖው ተበልቷል፣ ደመወዙ ተከፍሏል፣ የቀረው ገዢ ብቻ ነበር። መጋዘኑ በሽያጭ ዋዜማ የተቃጠለበት ነጋዴ ስሜቱን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት ያን አደገኛ ዝርያ በቻይና ከታመመ ካርፕ ከተገኘው ጋር አዛምዶ መነሻውን እስያ አድርጎታል። ስለዚህ "ከውጭ ጫጩት ላስመጣልህ" የሚል ሰው ሲመጣ ከዋጋው በፊት የጤና ማረጋገጫው ይጠየቅ።

መድኃኒት የለም ወይ? አለ። ነገር ግን የሚሰጠው ከመኖ ጋር ተደባልቆ ነው፤ የታመመ ዓሣ ደግሞ መኖ አይነካም። በአሜሪካ ደንብ ቴራማይሲን የተሰጠው ካትፊሽ ለ21 ቀናት ለምግብነት አይቀርብም። ከሁዳዴው 55 ቀናት 21 ሲቀነስ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

በእኛ እምነት፣ ለኩሬ ገንዘብ የሚያወጣ ባለሀብት የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ኪሎ ይወጣል?" መሆን የለበትም። በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ዓሣ ይገባል? ሌሊት ኦክስጅኑን ማን ይለካል? እያንዳንዱ ኩሬስ የራሱ መረብ አለው? አንዱን መረብ ሳያጥቡና ሳያደርቁ በአምስት ኩሬ ማዞር የአንዱን በሽታ ለአምስቱ ማደል ነው። አራት ተጨማሪ መረብ ውድ የሚመስለው አርቢ፣ የአንድ ኩሬ ሙሉ ዓሣ በስንት ብር እንደሚሸጥ አስቀድሞ ያስላ።