በእንግሊዝ አገር ማደሪያን ስለ መምረጥ

ወደ እንግዳ አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስለ ልብሱ ያስባል፤ ስለ ማደሪያው ግን ከደረሰ በኋላ ይጨነቃል። እኛም ባት ወደምትባለው ከተማ ከአሮጊት እናታችን ጋራ በሄድን ጊዜ ይህንኑ ስሕተት ሠራን። ዋጋው ረከሰ ብለን ከመጠጥ ቤት በላይ ያለ ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ ሌሊት ዘፈኑና ጫጫታው እንቅልፍ ስለ ከለከለ እናታችን ቁጭ ብለው አነጉ፤ አንዳችም አልወቀሱንም፤ ዝምታቸው ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ስለዚህ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው፥ ከተማዪቱ በኰረብታ የተከበበች ናትና፥ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በሜዳው በኩል፥ ከመጠጥ ቤት ራቅ ያለ ማደሪያ ይምረጥ። ደረጃው ስንት እንደ ሆነም ይጠይቅ፤ ከጥንቶቹ ቤቶች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውምና።

ለሽርሽር ግን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1767 እስከ 1774 የተሠሩትን፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተሰለፉትን 30ውን የሮያል ክሬሰንት ቤቶች ከውጭ ሆኖ ማየት በነጻ ነው። ሮማውያን የሠሩት የፍል ውኃ መታጠቢያ ደግሞ በክፍያ ይታያል እንጂ አይታጠቡበትም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ቤትም በዚያው ነው፤ በ1958 ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት። እናታችን በደጁ ቆመው ባዩት ጊዜ ያቺን ክፉ ሌሊት የረሷት መሰለን።