መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ፤ በሽተኛው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያው ሲለቅ፣ አንድ ዶላር በባንክ ይመነዘር የነበረው በ57 ብር ገደማ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ውሳኔ ብዙ ተብሏል። ስለ ወርቅና ቡና ኤክስፖርት፣ ስለ ዕዳ ድርድሩ፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) በዚያው ቀን ስላጸደቀው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተከራክረናል። ብዙም ያልተወራለት ቦታ የሆስፒታል የመድኃኒት መስኮት ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን መድኃኒት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። እዚሁ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው፣ ማሸጊያው፣ የማሽኑ መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገዛው። የላቦራቶሪ ኬሚካሉ፣ የኩላሊት እጥበት ማጣሪያው፣ የኤክስሬይ ዕቃው፣ የቀዶ ሕክምና ክሩ ሳይቀር ዶላር ጠያቂ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የምንዛሪ ተመን ማለት የጤና ፖሊሲ ማለት ነው፤ ውሳኔው በጤና ሚኒስቴር ባይወሰንም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረው ሁኔታ የሚናፈቅ አልነበረም። የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ በእጥፍ ተራርቆ ነበር። አስመጪ ለወራት ኤል.ሲ ይጠብቃል፣ በመሐል መድኃኒቱ ከገበያ ይጠፋል፣ የተገኘውም በሻንጣ ገብቶ በጓሮ በር ይሸጣል። ብሩን ማዳከም አያስፈልግም ነበር ብሎ መከራከር ያንን ጊዜ መርሳት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው፦ ብሩ ሲዳከም ማን እንደሚታመም አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር፤ የተዘጋጀው መከላከያ ግን በሽተኛው የሚቆምበት መስኮት ድረስ አልዘለቀም። ድሮ "መድኃኒቱ የለም" ይባል ነበር። አሁን "አለ፣ ዋጋው ይህ ነው" ይባላል። ለደሃው ሁለቱም መልሶች አንድ ናቸው።

*ተዘዋዋሪው ገንዘብ*

የመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት የሚገዛበትን መንገድ ያላወቀ ችግሩን በነጋዴው ስግብግብነት ብቻ ሊያየው ይችላል። ስግብግብ ነጋዴ አለ፤ ዋናው ጉዳይ ግን እሱ አይደለም።

ሆስፒታሎች ከሚሰጡት መድኃኒት ውስጥ ትልቅ ክፍል የሚሸጠው ወጪን በመመለስ አሠራር ነው። መነሻ ገንዘብ አለ፤ በእሱ ከኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ወይም ከግል አስመጪ ይገዛል፤ ለበሽተኛው በትንሽ ጭማሪ ይሸጣል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ለቀጣዩ ግዢ ይሆናል። ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚባለው ይኸው ነው። ዋጋ በተረጋጋበት ጊዜ ጥሩ አሠራር ነው። ምንዛሪ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሲዘል ግን ይህ ገንዘብ እጅ ላይ እያለ ይሟሟል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሆስፒታል 100,000 ብር ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነበረው እንበል። በ57 ብር ሲመነዘር ወደ 1,750 ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ይገዛል። በ130 ብር ሲመነዘር ከ770 ዶላር ያነሰ ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላባከነም። መድኃኒቱ በድሮው ዋጋ ተሽጦ አለቀ፤ በአዲሱ ዋጋ ሲገዛ ግማሹም አልሞላም። ፋርማሲስቱ መስኮቱ ላይ ቆሞ "ከውጭ ግዙ" የሚለው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከውጭ ያለው የግል መድኃኒት ቤት ደግሞ ዋጋውን በሚቀጥለው ጭነት ሒሳብ ስለሚያወጣ፣ በሽተኛው የሚከፍለው የነገውን ዶላር ነው።

መንግሥት ማሻሻያውን ሲያውጅ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለምግብ ዘይትና ለመድኃኒት ጊዜያዊ ድጎማ እንደሚያደርግ ተናግሮ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ድጎማ ለአስመጪው የሚሰጥ ከሆነና የሆስፒታሉ መነሻ ገንዘብ ካልታደሰ፣ ድጎማው ከመጋዘን ወጥቶ ከበሽተኛው እጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

*መድኑ ማንን ይዟል?*

"የጤና መድን አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ተሞክሮ አሁን አብዛኛውን አገር አዳርሷል። ገበሬውና ጉልት ቸርቻሪዋ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍለው የሚታከሙበት፣ እጅግ ደሃ ለሆኑትም መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር መዘርጋቱ ቀላል ስኬት አይደለም።

ግን መድኑ የሚሠራው መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ውስጥ ሲኖር ነው። አባሉ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ሐኪም ያየዋል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ የማዘዣ ወረቀት ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። መዋጮውን ከፍሏል፤ መድኃኒቱንም ከኪሱ ይከፍላል። በሌላ በኩል መድኑ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ዘግይቶ ነው። ዘግይቶ የመጣ ብር ደግሞ በዚህ ዘመን ያነሰ ብር ነው። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጉላላ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን "ለምን?" ብሎ ይይዛል። መዋጮ ሲቀንስ ፈንዱ ይዳከማል፣ ፈንዱ ሲዳከም ክፍያው ይዘገያል። አዙሪቱ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደመወዝተኛው ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን የተሠራው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ ቀጣሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ። ብሩ በተዳከመበት ቀን፣ ከ14 ዓመት በኋላ፣ ገና አልተተገበረም ነበር። ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት መምህር በጣም አስቸጋሪ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፦ የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዳይሰጠው ደመወዝ አለው፣ መድን እንዳይገባ ደመወዝተኛ ነው፣ ከኪሱ እንዳይገዛ ደመወዙ አይበቃም። በ2017 ጥቅምትና በ2018 መስከረም የተደረጉት የደመወዝ ጭማሪዎች የገበያውን ወጪ አቀለሉለት ብንል እንኳ፣ ሥር የሰደደ በሽታን በወር ደመወዝ መሸከም አይቻልም።

*ቤት ውስጥ የሚሆነው*

የጤና ወጪ ጥናቶች ሲደጋግሙ እንደሚያሳዩት፣ በኢትዮጵያ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ገደማ የሚሆነው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ነው። ስለዚህ የዋጋ ንረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው ኪስ፣ ቀጥሎ የሚመታው ሰውነት ነው።

ምቱ ድምፅ የለውም። የደም ግፊት ታማሚው በቀን አንድ ፍሬ የሚወስደውን በሁለት ቀን አንድ ያደርገዋል። ሕመም ስለማይሰማው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ የሚመጣው ስትሮክ ሆኖ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ያላት እናት መርፌውን ማሳሳት አትችልም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የጥቂት ቀናት መቋረጥ ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከምግቡ ትቀንሳለች፣ ከታላቁ ልጅ ትምህርት ትቀንሳለች። ገበሬው ደግሞ በሬ ሸጦ ይታከማል። የዘንድሮ ሕክምና በከርሞ እርሻ ላይ ይከፈላል፤ ከርሞ የሚመጣው ምርት ሲያንስ የልጆቹ ገበታ ይሳሳል፣ የተጎዳ ልጅ ደግሞ መልሶ ይታመማል።

ኢትዮጵያውያን መድን ባይኖራቸውም መረዳዳት አላቸው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መረዳዳቱ የደረሰበትን እንይ። በየማኅበራዊ ሚዲያው የበሽተኛ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ የያዘ መኪና፣ "ወገን ድረሱልኝ" የሚል ባነር። ፊቱ ለፎቶ የሚያመች፣ ዘመድ ያለው፣ ቪዲዮው የተሰራጨለት ይድናል። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። እድራችንም ቢሆን በአብዛኛው ገንዘቡን የሚያወጣው ለቀብር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሲታመም ግን ብዙ አቅም የሌለው ማኅበር ይዘን ከዓለም ገበያ ጋር ልንጋፈጥ አንችልም።

*ሌላኛው እግር*

የኢትዮጵያ ጤና በሁለት እግር ቆሞ የኖረ ነው። ኤች.አይ.ቪ፣ ቲቢ፣ ወባና ክትባት በአብዛኛው በውጭ እርዳታ በነጻ ይሰጣሉ። ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊትና ካንሰር ግን በዋናነት በኪስ ናቸው። ብሩ ሲዳከም የተመታው ሁለተኛው እግር ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ የውጭ እርዳታ እንዲቆም ሲያዝዙ የመጀመሪያው እግር ተመታ፤ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሐኪሞችና ነርሶች "ደመወዛችን አላኖረንም" ብለው አደባባይ የወጣ ጥያቄ አነሱ፣ ሥራ እስከማቆም ደረሱ። ለጥያቄያቸው የተሰጠው ምላሽ እስርንም የጨመረ መሆኑ ለማንም የሚበጅ አልነበረም። የተራበ ሐኪም ውጭ አገር ይሄዳል፤ የሚቀረው በሽተኛው ነው።

የሚያሳዝነው ከየት ተነስተን እዚህ እንደደረስን ስናስብ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቶ ብዙ ለውጧል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህ በሀብታም አገር ገንዘብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ መንግሥት ቅድሚያ ስለሰጠው ነው። እንግዲህ ቅድሚያ መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

*ሌሎች ምን አደረጉ?*

ታይላንድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1997 ገንዘቧን ባትን ለገበያ ስትለቅ ኢኮኖሚዋ ተንኮታኮተ፤ የእስያ ቀውስ የሚባለው ከዚያ ተነሳ። "ገና አላገገምንም" ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን በ2001 ማንኛውም ዜጋ 30 ባት ብቻ ከፍሎ የሚታከምበትን ሥርዓት ጀምራ በ2002 አገሯን አዳረሰች። ወጪው የሚሸፈነው ከግብር ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የወረዳ ሆስፒታሎቿን ስለገነባች መሠረቱ ነበራት።

ግሪክ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ከ2010 ጀምሮ ብድር ለማግኘት የጤና በጀቷን ስትቀንስ፣ በአቴንስ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ በሚወስዱ ሰዎች መካከል የኤች.አይ.ቪ ስርጭት ፈነዳ። በዓመት ከ10 እስከ 15 ገደማ የነበረው አዲስ የተያዘ ሰው በ2011 ከ200 በላይ ሆነ። ንጹሕ መርፌ ማደል ርካሽ ነገር ነው። የዕድሜ ልክ ሕክምና ግን ውድ ነው።

*ምን ይደረግ?*

አንደኛ፣ የሆስፒታሎችና የጤና ጣቢያዎች ተዘዋዋሪ ፈንድ በምንዛሪው ልክ ይታደስ። ይህ የዘወትር ድጎማ አይደለም፤ በአንድ ውሳኔ የተበላን መነሻ ገንዘብ መመለስ ነው።

ሁለተኛ፣ ሊቋረጡ የማይገባቸው መድኃኒቶች አጭር ዝርዝር ይውጣ፦ ኢንሱሊን፣ የግፊት፣ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች። ብዙዎቹ የፈጠራ መብታቸው ያለፈ ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው። በመንግሥት ጤና ተቋማትና በከነማ መድኃኒት ቤቶች በተወሰነ ዋጋ ይሸጡ፤ ልዩነቱን በጀት ይሸፍን።

ሦስተኛ፣ መድኑ ለሆስፒታል የሚከፍልበት ጊዜ በሕግ ይወሰን። ደመወዝተኛውም ይግባ፤ ግን ከተጨመቀ ደመወዝ ላይ 3 በመቶ ከመቁረጥ በፊት መንግሥት እንደ ቀጣሪ የራሱን ድርሻ በማስቀመጥ ይጀምር።

አራተኛ፣ ባንኩ የምንዛሪ ተመንን በየቀኑ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ጤና ሚኒስቴርም በየሆስፒታሉ የትኛው መድኃኒት እንዳለና እንደሌለ በየወሩ ያውጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

"ገንዘብ ከየት ይምጣ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አገሪቱ ጦርነት አሳልፋለች፣ ግጭቱም አላባራም፣ ዕዳ አለባት። ሆኖም የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ሲገቡም አህጉሪቱ ድሃ ነበረች። ደግሞም ወጪው አልቀረም፤ የሚከፍለው ሰው ነው የተቀየረው። መንግሥት ያልከፈለውን የግፊት መድኃኒት ቤተሰቡ በስትሮክ፣ በተሸጠ በሬ፣ ከትምህርት ቤት በቀረ ልጅ ይከፍለዋል።

ማሻሻያው ውጤታማ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቀጥላል። መለኪያው ግን የዶላር ክምችትና የዕድገት መቶኛ ብቻ ሊሆን አይገባም። በሚቀጥለው በጀት ላይ የሕዝብ ተወካዮች ለገንዘብ ሚኒስትሩ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ በቂ ነው፦ ሐምሌ 2016 ላይ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስድ ከነበረው ሰው ስንቱ ዛሬም ይወስዳል?