ለሰው የሚሰጠው የቱ ነው፤ ሒሳቡ ወይስ ሕፃኑ?

የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ የሚለቁት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የችርቻሮ ገበያው ደግሞ የሚሞቀው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው መውጣት ሲጀምር፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ልጅ እናቱን የሚፈልግበት ሰዓትና ደንበኛ ነጋዴዋን የሚፈልግበት ሰዓት ተደራርበው ይመጣሉ። በየሱቁ ከባንኮኒ ሥር፣ በጨርቅ ጥቅልና በካርቶን መካከል ደብተሩን ዘርግቶ የሚታየው ሕፃን የዚህ መደራረብ ውጤት ነው።

ነገሩ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ስለሚቆጠር በገበያ ገጽ ላይ ቦታ ሲሰጠው አይታይም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን የንግድ ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል። ልጅ የምታሳድግ ነጋዴ ሁለቱን ለማስታረቅ ስትል ከሥራዎቿ አንዱን ከፍላ በሌላ ሰው ማሠራቷ አይቀርም። ጥያቄው የትኛውን የሚለው ነው። በከተማችን የተለመደው መልስ «ልጁን» የሚል ሲሆን፣ ይህ መልስ የተገለበጠ ይመስለኛል።

ሥራን ለውጭ ሰው ከፍሎ ማሠራት፣ በዘመኑ አነጋገር «አውትሶርሲንግ» የሚባለው፣ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የህንድ የስልክ ጥሪ ማዕከል ነው። ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ ግን አዲስ ነገር አይደለም። አንድ የአገር ልብስ ከክሩ ተነሥቶ መስቀያ ላይ እስኪወጣ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ መመልከት ይበቃል። ድርና ማጉ ከአንዱ ይገዛል፤ ሸማኔው በራሱ ቤት፣ በራሱ መሣሪያ ይሸምነዋል፤ የሚጠልፈው ሌላ፣ የሚሰፋው ሌላ፣ ዘርፉን የሚቋጨው ሌላ ነው። ነጋዴዋ ከእነዚህ አንዱንም በደመወዝ ላትቀጥር ትችላለች። የእሷ ሥራ ንድፍ መምረጥ፣ ደንበኛ ማወቅ፣ ዋጋ መቁረጥና ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ፋብሪካ ሳይኖራት አምራች ናት ማለት ነው። የከተማው ቤተሰብም ቢሆን በርበሬውን ለባልትና ቤት፣ እንጀራውን ለጋጋሪ አሳልፎ መስጠት ከጀመረ ቆይቷል።

የኢኮኖሚክስ ሊቁ ሮናልድ ኮስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ሁሉንም ሥራ በየዕለቱ ከገበያ መግዛት የሚቻል ከሆነ ድርጅት ለምን አስፈለገ? መልሱ፣ በገበያ መጠቀም ራሱ ወጪ አለው የሚል ነበር። ሰው መፈለግ፣ መደራደር፣ የተሠራውን ማረጋገጥ፣ ሲበላሽ መካሰስ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ኮስ እ.ኤ.አ. በ1991 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ይህ ሐሳብ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ወደ ሱቃችን ስናመጣው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለመቆጣጠር ቀላል የሆነው ሥራ ለውጭ ሰው ቢሰጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ለመቆጣጠር አስቸጋሪ የሆነው ግን ባለቤቱ እጅ ላይ ቢቆይ ይሻላል።

ነጠላ ቁመትና ወርድ አለው። ክሩ ይመዘናል፤ ካልተስማማ ይመለሳል። የወሩ ሒሳብ ከደረሰኝ ጋር ይመሳከራል። ለደንበኛ የተላከ ዕቃ መድረሱ በስልክ ይረጋገጣል። ሕፃን ግን ማታ ሲረከቡት በሚዛን አይለካም። ቀኑን ሙሉ ምን እንደ በላ፣ ማን እንደ ተቆጣው፣ ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ እንደ ዋለ የሚናገር ደረሰኝ የለም። የአንድ ዓመት ልጅ ከሆነ ደግሞ ራሱም አይናገር።

እንግዲህ ልማዳችንን እንየው። ለቁጥጥር እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ሥራ፣ በዝቅተኛ ክፍያ፣ ከገጠር በቅርቡ ለመጣችና ብዙ ጊዜም ራሷ ገና ልጅ ለሆነች ሠራተኛ፣ በማናውቀው ደላላ በኩል እናስረክባለን። ከዚያ ሱቅ ገብተን ደረሰኝ ስናስተካክል፣ ሸማኔ ስናባርር፣ ዕቃ ተሸክመን ስናደርስ እንውላለን። ማንም ጨዋ ነጋዴ ውድ ዕቃውን ለማያውቀው ሰው በቃል አስረክቦ ርካሹን በካዝና አይቆልፍም።

ሕጉም ቢሆን እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህ ለተቀጠረች ነው። የሱቅ ባለቤት ቀጣሪዋ ራሷ ስለሆነች ፈቃዱን የምትጠይቀው ከካዝናዋ ነው፤ ካዝናው ደግሞ ሱቁ ሲዘጋ ይደርቃል። በሌላ በኩል የቤት ሠራተኛዋ፣ ሥራዋ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ነው ተብሎ፣ ከዚሁ አዋጅ ውጪ ናት። ለእሷ የቀረላት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ልጁን የሚቀባበሉት ሁለቱም ሴቶች አዋጁ የማያያቸው ናቸው ማለት ይቻላል። (ያው አዋጅ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ስለ አባቶች ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ በነፃ የሚያቀርብ የገበያ ተወዳዳሪ ቢኖር እሱ ነበርና። አቅርቦቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው።)

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ የቀረበ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። አንዲት ወይዘሮ ከአገር ልብስ ሱቋ በወር 30,000 ብር የተጣራ ታገኛለች እንበል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ብትሠራ 312 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ሰዓቷ ወደ 96 ብር ያወጣል። ሒሳብ ለመጻፍና ደረሰኝ ለማሰባሰብ በወር 40 ሰዓት ብታጠፋ 3,840 ብር የሚያወጣ ጊዜ አጠፋች። በትርፍ ጊዜው የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ በ3,000 ብር ከተገኘ ራሷ መሥራቷ ኪሣራ ነው።

ይሁንና ይህ አማካይ ስሌት ብቻውን ያሳስታል። ሰዓት ሁሉ እኩል አይሸጥም። የማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓትና የጥምቀት ዋዜማ ሳምንት አመሻሽ በአንድ ዋጋ የሚመነዘሩ አይደሉም። የልጅም ሰዓት እንዲሁ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ጠዋት የተረፈ ጊዜ ለልጁ ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ነጋዴዋ ልትጠይቀው የሚገባው «በሳምንት ስንት ሰዓት ልትረፍ?» የሚለውን ሳይሆን «ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜዬን የሚበላው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። በብዙዎች ዘንድ መልሱ ሦስት ነው፤ በየቤቱ እየዞሩ ከሸማኔና ከሰፊ ዕቃ መሰብሰብ፣ ለደንበኛ ማድረስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ቤት ገብቶ እስከ እኩለ ሌሊት መደመር። ሦስተኛው በተለይ ከሱቅ የወጣችውን እናት ቤትም ውስጥ ሱቅ ያደርጋታል። በመጀመሪያ ለሰው ሊሰጡ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው። ሒሳቡን በገዛ እጇ መሥራት የምትፈልግ ካለች ወደ ጠዋቱ ታዙረው፤ ያኔ ወጪው ከ96 ብር በእጅጉ ያንሳል።

የምሽቱን ሽያጭ ለሰው መስጠትስ? ቀድሞ የማይታሰበው በገንዘቡ ምክንያት ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮች የስልክ አገልግሎት ጋር ተደምሮ፣ ነገሩ ተለውጧል። ክፍያው በቀጥታ በባለቤቷ ስልክ የሚገባ ከሆነ ሻጯ ዕቃ ታሳያለች እንጂ ገንዘብ አትነካም። ባለቤቷ ለልጇ ራት እያበላች የገባውን ብር ታያለች። ማታ ሲዘጋ የተሸጠው ከተቀመጠው ጋር ይቆጠራል። ለሻጯ ከደመወዝ በላይ ከሽያጩ ድርሻ ቢታሰብላት ደግሞ ደንበኛ አታባርርም።

ከሸማኔ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ሰፋ ያለ ነገር ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነጋዴው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቀብድ የበላው ሸማኔ ለፋሲካ ያለውን ልብስ ለዳግማይ ትንሣኤ ያመጣዋል። ክሩ ይሳሳል። በብዙ ድካም የተመረጠው ጥለት በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ሱቅ ተሰቅሎ ይገኛል። መፍትሔው ሥራውን መልሶ ቤት ማስገባት አይደለም። ክሩን ራስ ገዝቶ በሚዛን ማስረከብና የተሸመነውን በሚዛን መቀበል የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ቀብዱን በገንዘብ ሳይሆን በክር መስጠትም ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። የበዓል ትእዛዝ ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ቢያንስ ለሁለት ይከፈላል። ንድፍን በተመለከተ ሙሉ መከላከያ የለም። ጥለቱን ከአንዱ፣ ጥልፉን ከሌላው ማሠራት ግን ሙሉው ልብስ በአንድ ሰው እጅ እንዳይገኝ ያደርጋል። ደግሞም ሸማኔው በወቅቱና በሚገባው ዋጋ ከተከፈለው ጎረቤት ጋር የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህን የማይሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ሸማኔያቸው ግን በየዓመቱ ይቀያየራል።

ደረሰኝ ሌላው ራስ ምታት ነው። መዝገብ መያዝ ግዴታ ያለበት ነጋዴ ያለ ማስረጃ የከፈለውን በግብር ሰብሳቢው ዘንድ በወጪነት ለማስያዝ ይቸገራል። ጋጋሪዋም፣ ዘርፍ ቋጪዋም፣ ሸማኔውም አብዛኛውን ጊዜ ደረሰኝ የላቸውም። ሥራን ለውጭ ሰው የመስጠት ትርፍ በከፊል እዚህ ይፈስሳል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ክፍያውን በባንክ ወይም በስልክ ማድረግና ለሒሳብ ባለሙያው «ይህን እንዴት አድርገን እንያዘው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሰኔ መጨረሻ ላይ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

«ይህ ሁሉ ለደላው ነው፤ የእኔ ትርፍ የገዛ ጉልበቴ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። እውነት አለው። ለጉሊት ነጋዴዋ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም፤ አንዱ ሰዓቷ ከምትከፍለው ሰው ሰዓት በላይ አያወጣምና። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የአስመጪ ዕቃ የሚሸጡ ቸርቻሪዎች በምን ያህል ካፒታል ያንኑ መደርደሪያ እንደሚሞሉም እናውቃለን። ስሌቱ የሚሠራው ሱቅ ላላትና አስቀድሞም ለቤት ሠራተኛ፣ ለምግቧና ለደላላ እየከፈለች ላለችው ነው። እሷ እየከፈለች ነው፤ የተሳሳተው የሚከፈልበት ቦታ ነው።

ደላላ ካልን ዘንድ፣ ይህን ገጽ የሚያነቡ ደላሎች ቅር አይበላቸውና፣ የቤት ሠራተኛ ድለላ አከፋፈል ሊታይ ይገባዋል። ደላላው የሚያገኘው ባስቀጠረ ቁጥር ነው። ሠራተኛዋ በሁለት ወር ብትወጣ ከአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ያገኛል። ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ክፍያው እንዲያ ስለተሠራ ነው። የቤት ሽያጭ ኮሚሽን አንዴ ቢከፈል ችግር የለውም፤ የተሸጠ ቤት አይኮበልልም። የሠራተኛ ኮሚሽን ግን አንድ ሦስተኛው ሲቀጠሩ፣ አንዱ በሦስተኛው ወር፣ የቀረው በስድስተኛው ወር ቢከፈል ደላላው ዋስና ጥሩ ደመወዝ ማፈላለግ የራሱ ጥቅም ይሆናል። ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው ጉዞ ሠራተኛውን በሚሻማበት ገበያ ይህን ቀድሞ የጀመረ ደላላ ደንበኛ አያጣም።

ለባለሀብቱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በየገበያ ማዕከሉ እንዲህ ያለ ግዴታ የተጣለበት ባለ ሕንፃ የለም። በእነዚህ ሕንፃዎች ምድር ቤቱ በውድ ሲከራይ የላይኛው ፎቅ በርካሽ ይቀርባል፤ አንዳንዱም ተከራይ ይጠብቃል። 15 ሕፃን በወር በ4,000 ብር ቢያዝ 60,000 ብር ነው። ለአምስት ሕፃን አንድ የሠለጠነች ተንከባካቢ ቢታሰብ ሦስት ደመወዝ ይሆናል። ቁጥሩን እያንዳንዱ ባለሀብት በራሱ ሕንፃ ዋጋ ይተካው። ዋናው ነገር ኮስ ያነሣው የቁጥጥር ወጪ እዚህ መውረዱ ነው። እናትየው ሁለት ፎቅ ወጥታ በማንኛውም ሰዓት ታያለች፤ እሷ ባትወጣ ሌላዋ ትወጣለች። 15 ወላጅ የሚመላለስበት ክፍል ውስጥ የሚደበቅ ነገር ትንሽ ነው።

ፈቃዱ፣ የእሳት መውጫውና የደረጃው መከለያ ከኪራይ ውሉ በፊት ይታይ። የሥራ ሰዓቱም ቢያንስ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ 11 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ማቆያ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንጂ ለነጋዴ አይሆንም።