ስለ ምርጫ የሚነገረው ለገበሬው ጆሮ እንዴት ይድረስ?

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር የሚገኘው የቀራንዮ አካባቢ ለብዙ ዘመን ግማሽ ከተማ፣ ግማሽ ገጠር ሆኖ የኖረ ነው። ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ተብሎ በሚጠራው ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ ተቆጥሮበታል። ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ በሚያዘነብለው ጠርዝ ላይ ግን የከተማው መስፋፋት ከእርሻው ድረስ የመጣበት ገበሬ ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ያለው ገበሬ ምርጫ ሲመጣ የሚፈልገው ረጅም ንግግር አይደለም። የት እንደሚመዘገብ፣ ድምፁ ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚሆንና ማንን እንደመረጠ የሚያውቅበት ሰው መኖር አለመኖሩን በግልጽ የሚነግረው ይፈልጋል። ለዴሞክራሲና ለምርጫ መሻሻል የሚሠሩ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት አሉ፤ ይህም ዋና ሥራቸው ነው። ሊመረመር የሚገባው መልእክታቸውን ለማን፣ በምን ጊዜና በማን አንደበት እንደሚያስተላልፉ ነው።

እስካሁን የተለመደው አሠራር በአጭሩ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። ማኅበሩ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ጋዜጠኞችን ይጠራል፤ መግለጫ ይነበባል፤ ማታ በቴሌቪዥን ለአንድ አፍታ ይታያል፤ ሥራውም እንደተከናወነ ተቆጥሮ በሪፖርት ይጻፋል። መግለጫው ለምርጫ ቦርዱ፣ ለፓርቲዎቹና ለገንዘብ ሰጪው ይጠቅም ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ በሬዎቹን ፈትቶ ለገባው ገበሬ ግን የሌላ ሰው ወሬ ነው።

ለዚህ ልማድ መነሻ የሆነ ምክንያት አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ አገር የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። በአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ መቆም የሚችል ማኅበር እምብዛም ስላልነበረ አያሌዎቹ ሥራቸውን ለወጡ፤ ሌሎቹም አቅማቸው ተመናመነ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘግቷል። ቢሮ በሚዘጋበት ጊዜ ከገጠሩ ጋር የነበረው ትውውቅ አብሮ ይዘጋል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ክልከላው ቢነሣም፣ በ10 ዓመት ውስጥ የተቋረጠ ትውውቅ በአዋጅ ተመልሶ አይመጣም።

ከዚያ በፊት የነበረው የ1997 ዓ.ም. ምርጫም ትምህርት የሚገኝበት ነው። በዚያ ዓመት የፓርቲዎች ክርክር በራዲዮና በቴሌቪዥን ስለተላለፈ ሕዝቡ ከዚያ በፊት ባልታየ መጠን ጆሮውን ሰጥቶ ተከታትሎታል። አገር በቀል ማኅበራት ግን ምርጫውን እንዳይታዘቡ በቦርዱ በመከልከላቸው ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት ይዘው ሄዱ። ረቱም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናላቸው። ሆኖም ውሳኔው የጸናው ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ብቻ ሲቀሩ ስለነበረ በሰፊው ገጠር ታዛቢ ለማሠማራት ጊዜ አልነበረም። ኋላም ውጤቱ ለሳምንታት ሲጓተት በየገበያው የተናፈሰውን ወሬ፣ በገጠር ጣቢያዎች በዓይኑ አይቶ ሊያርም የሚችል ገለልተኛ ድምፅ አልተገኘም። በዘገየ ጊዜ የተፈቀደ ነገር ካልተፈቀደ ብዙም አይሻልም።

የጊዜ ጉዳይ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም በሌላ መልክ ታይቷል። የመራጮች ምዝገባ የተጀመረው በመጋቢት ወር፣ በሁዳዴ ጾም ውስጥ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ረመዳን ተከተለ። ምዝገባው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዋና ከተማዋ ሳይቀር ቀዝቅዞ ስለነበር ቀኑ ተራዝሟል። በመጨረሻ የተመዘገበው ሕዝብ ከ37 ሚሊዮን በላይ ደርሶ፣ ሰኔ 14 ቀን በነበረው ሰልፍ ርዝመት የተነሣ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽት ተገፍቷል። ከዚህ እንደሚታየው ሕዝቡ ድምፁን ለመስጠት ፍላጎት አላጣም፤ ያጣው በጊዜው የሚነግረውን ነው። የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ገበሬው ፋታ አለው፤ ሠርጉም፣ ማኅበሩም፣ ሽማግሌ የሚቀመጠውም ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱን ምዝገባ ሲከፈት የሚጀምር ማኅበር በልግ ከሚዘራው፣ ለክረምት ከሚያለሰልሰው ገበሬ ጋር ይተላለፋል።

የሰዓቱም ነገር ከዚሁ የተለየ አይደለም። የራዲዮ ዝግጅት ከቀትር በፊት ከተላለፈ የሚሰማው የከተማ ባለሱቅ ነው። ከብቱ ከታሰረ፣ እሳት ዙሪያ ከተቀመጡ በኋላ የሚተላለፍ የሩብ ሰዓት ጥያቄና መልስ ግን ባልንም ሚስትንም፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችንም በአንድነት ያገኛል። በሕጉ መሠረት በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሚታደለው ነጻ የአየር ሰዓት ለፓርቲዎችና ለዕጩዎች ስለሆነ፣ ማኅበራቱ የራሳቸውን ሰዓት መግዛት ወይም ጣቢያዎቹን ማግባባት ይኖርባቸዋል። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ለአንድ ምሽት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከሚከፈል፣ በአንድ የክልል ወይም የማኅበረሰብ ራዲዮ ለብዙ ሳምንት ቢደጋገም ይበልጣል። ገበሬ አንዴ የሰማውን ይጠራጠራል፤ ሦስት ጊዜ የሰማውን ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ዋናው ቁም ነገር ግን የመልእክቱ ይዘት ነው። ዴሞክራሲ መልካም ነገር መሆኑን በመስበክ የሚባክነው የአየር ሰዓት እጅግ ብዙ ነው። ገበሬው ማወቅ የሚሻው፣ ምልክት ያደረገበትን ወረቀት አጥፎ ኮሮጆው ውስጥ ከከተተ በኋላ ማንን እንደመረጠ ሊያውቅበት የሚችል ሰው ይኖር እንደሆነ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያ፣ ብድርና የምግብ እርዳታ በገጠር ለፖለቲካ ድጋፍ መግዣ ይውላሉ ሲል ከሶ፣ በወቅቱ የነበረው መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ገበሬ ማዳበሪያው በምርጫ ካርዱ ይወሰናል ብሎ ካመነ፣ ማንም ሳያስገድደው እምነቱ ብቻ ያስገድደዋል። ስለሆነም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የተደነገገው የድምፅ ምስጢራዊነት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ፣ በቀላል ቋንቋ፣ የመምረጫ ክፍሉ መጋረጃና የኮሮጆው አሠራር እየተብራራ መነገር አለበት።

ከከተማ ድንበር አጠገብ ባለ ገጠር ደግሞ ሌላ መልእክት ይጨመራል። አዲስ አበባንና ዙሪያውን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት ሊያቅድ የነበረው ማስተር ፕላን ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀርቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተማው አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ጉዳይ መስማማታቸው ተገልጿል፤ ከዚያም በዙሪያው የነበሩት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ተዋቅረዋል። ከመስመሩ በወዲህ ያለ ነዋሪ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት፣ በወዲያ ያለው ለጨፌ ኦሮሚያ ድምፅ ይሰጣል። መሬቱ ለግንባታ ተወስዶ ወደ ሌላ ቀበሌ የተዛወረ ገበሬ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር እንዳለበት በሕጉ ተጽፏል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው በምዝገባ ቀን ይመለሳል። መልእክቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ካልተነገረ ደግሞ በአንድ ገበያ ከሚውሉት ሰዎች ግማሹ አይሰማውም።

ማኅበራቱ ገለልተኛነታቸውን መጠበቃቸው የሕልውና ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካርድ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የመብቶችና የዴሞክራሲ ማዕከል ከሌሎች የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጋር በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ታግዶ፣ እገዳው በዚያው ዓመት ተነሥቶለታል። ለእገዳው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከፖለቲካ ገለልተኛ አለመሆን የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ክስ በሚነሣበት አገር፣ በአንድ ቃል መሳሳት ለዓመታት የተለፋበትን ሥራ ሊያስቆም ይችላል። በዚህ ረገድ ጋና የሠራችው ይጠቀሳል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ድጋሚ ውድድር አሸናፊውና ተሸናፊው የተለያዩት በ40 ሺህ ድምፅ ያህል ብቻ ነበር። የአገር ውስጥ ታዛቢዎች ኅብረት በናሙና ከተመረጡ ጣቢያዎች የራሱን ቆጠራ ይዞ ሳለ፣ ኮሚሽኑ ውጤቱን እስኪያሳውቅ ድረስ በራዲዮ አላስነገረም። ቁጥሩ ከኮሚሽኑ ጋር መስማማቱ ሲገለጽ ሕዝቡ ውጤቱን እንዲቀበል ረዳው። ዝም የሚባልበትን ሰዓት አስቀድሞ መወሰንም ከመገናኛ ብዙኃን ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ ለጋዜጠኛ ቶሎ ለመናገር የሚሽቀዳደሙ ማኅበራት ይህን ሲዘነጉት ይታያል።

ራዲዮ ብቻውን ግን አይበቃም። ከራዲዮው የተሰማው በእድር፣ በሰንበቴ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላና በቡና ላይ ሲደገም ነው የሚጸናው። የማኅበር መሪዎች ሚና የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ መሪዎቻቸው በአባላት እንዲመረጡ ተደንግጎ ነበር፤ ምርጫው በብዙ ስፍራ በጉባኤ ፊት እጅ በማውጣት ይከናወን ስለነበር፣ ዛሬም በዕድሜ የገፉት ገበሬዎች ምርጫ ሲባል ትዝ የሚላቸው የወጣው እጅና እጁን የቆጠረው ሰው ነው። ቦርዱ ፈቃድ የሰጠው አስተማሪ ማኅበር ወደ ቀበሌው ሲመጣ አዳራሹን መክፈት፣ ቀኑን ከገበያ ቀን ጋር ማስማማትና ሴቶቹም እንዲጠሩ ማድረግ የመሪው ሥራ ነው። አዳራሹን ከከፈተ በኋላ ግን ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ሰጥቶ ቢወጣ ይመረጣል፤ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ስለ ድምፅ ምስጢር ደፍሮ የሚጠይቅ ገበሬ አይገኝም።