አካቶ ትምህርት ከምዝገባ ባሻገር

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደየችሎታቸውና እንደየፍላጎታቸው እንዲማሩ ደንግጎ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተከተለ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች።

የምደባ አማራጮቹ ልዩ ትምህርት ቤት፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት የሚገኝ ልዩ ክፍልና አካቶ ትምህርት ናቸው። ስትራቴጂው ትኩረት የሰጠው ለአካቶ ትምህርት ነው። ይሁንና መስማት የተሳነው ተማሪ የምልክት ቋንቋ ከማያውቅ መምህር ፊት ቢቀመጥ፣ ዓይነ ስውሩም የብሬል መጽሐፍ ባያገኝ፣ ስማቸው በመዝገብ ይሰፍራል እንጂ ትምህርቱ አይደርሳቸውም።

በመሆኑም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከምደባው አስቀድመው የተማሪውን ፍላጎት ሊለዩ፣ ለመምህራን ሥልጠናና ለመማሪያ ቁሳቁስም በጀት ሊይዙ ይገባል። ድጋፍ ያልተከተለው ምደባ መብቱን በወረቀት ላይ ያስቀረዋል።