የልጆቻችን የመጀመሪያ ደመወዝ እዚሁ ይከፈል

የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የጃጁራ፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾ፣ የዶዮገናና የአንጋጫ ነጋዴዎች፣ ባለሙያዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ መምህራንና ወላጆች! ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆቻችንን ከፊታቸው ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ሆነው ይጠብቋቸዋል። በእነዚህ ሁለት ወራት አንድ ሰው ጠጋ ብሎ “ሥራ አለ” ይላቸዋል። ያ ሰው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ደላላ ሳይሆን እናንተ እንድትሆኑ ነው ይህን ጥሪ የማቀርበው።

የደቡብ አፍሪካን መንገድ ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞቱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ ከአንድ ኮንቴይነር የ64 ወገኖቻችን አስከሬን ወጣ። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት በማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር፣ በታኅሣሥ ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መገኘቱ ተሰማ። ልጆቻችን የሚሄዱት በዚሁ መስመር ነው። በሰው መነገድን የሚቀጣ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩም 1178/2012 ነው። አዋጁ ደላላውን ማሰር ይችላል። ደላላው ሲታሰር የተስፋው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ እሱን መሙላት የእኛ ድርሻ ነው።

ደላላው ለምን እንደሚቀድመን እንመርምር። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚፈልገው ግልጽ ነው። የራሱን ብር መያዝ፣ ለእናቱ የመስቀል ቅቤ መግዛት፣ በሰፈሩ ሰው መባል ይፈልጋል። እኛ “ተማር፣ ታገስ” እንለዋለን። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው አንድ ቀን እንኳ በላባቸው ደመወዝ ተቀብለው የማያውቁ ብዙ ወጣቶች በአንድ የውጤት ቀን በሩ ሲዘጋባቸው፣ ክፍት ሆኖ የሚታያቸው የደላላው በር ብቻ ይሆናል።

ልጆቻችን ሥራ አያውቁም ማለቴ አይደለም። ከብት ጠብቀዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ በእንሰት ማሳ ከእናቶቻቸው ጋር ውለዋል። ከሀድያና ከከምባታ ወጥተው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሊስትሮ ሆነው ራሳቸውን ያስተማሩም ብዙ ናቸው። ችግሩ የምናውቀው ሥራ ሁለት ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ በቤት ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ ሌላው በሩቅ አገር ማንም ሳያያቸው የሚሠራ። በመካከል ያለው ጠፍቷል፤ በሰዓት የተወሰነ፣ የሚከፈልበት፣ ከቤታቸው በእግር የሚደረስ፣ በዘመድ ዓይን ሥር ያለ ሥራ። ይህን መካከል በዚህ ክረምት እንክፈተው።

የመጀመሪያው ጥሪዬ ለዕድሮች ነው። በከተሞቻችን ቀጣሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው “ዋስ አለህ?” ብሎ ነው። ልክ ነው፤ ዕቃውንና ገንዘቡን ለማያውቀው ልጅ የሚያስረክብ የለም። ነገር ግን አጎቱ ነጋዴ የሆነው ልጅ ዋስ አግኝቶ ሲገባ፣ አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ጉሊት የምትውል፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ደጅ ይቀራል። ደላላው ዋስ አይጠይቅም፤ ዕዳውን በቤተሰቡ ላይ ጽፎ ይወስደዋል። ስለዚህ ዕድሮች ሆይ፣ ለእነዚህ ልጆች ዋስ ሁኑ። በሰኔ ስብሰባችሁ አጀንዳ ያዙ፣ መዝገብ ክፈቱ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ነፃ ሰዓትና የሚችሉትን ሥራ መዝግቡ። ሽማግሌዎች በአንድ ገጽ የምስክር ወረቀት ላይ ይፈርሙ፣ የዕድሩ ማኅተም ይረፍበት። ልጁ ዕቃ ቢሰብር ዕድሩ እስከ ወሰነው መጠን ይሸፍን። ሲሞቱ ድንኳን የምንተክልላቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን ብንደግፍ ዕድራችን ይበልጥ ይከበራል።

ሁለተኛው ጥሪዬ ለቀጣሪዎች ነው። ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ሞባይል ጥገና፣ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ካፌ ወይም ችግኝ ጣቢያ ያላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ተቀበሉ። አንድ ብቻ። ከያሆዴና ከመሳላ በዓላት በፊት ገበያው ሲደምቅ ተጨማሪ እጅ እንደሚያስፈልጋችሁ ታውቃላችሁ። በቀን ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ቅጠሩ፣ ክፍያውን በጽሑፍ ተስማሙ፣ በየሳምንቱ በራሱ እጅ ስጡ። “ሙያ እየለመደ ነው” ተብሎ በሻይና በዳቦ የሚታለፍ የልጅ ላብ አይኑር። መጀመሪያ ያረፍዳል፣ ሒሳብ ይሳሳታል፣ ደንበኛ ፊት ያፍራል። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ! ሁለት ሳምንት ታገሱትና የምትተማመኑበት እጅ ታገኛላችሁ።

ሕጉንም አንብቡ፤ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው “ወጣት ሠራተኛ” በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓላት አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓትም አይታዘዝም። መንገደኛና ዕቃ የማጓጓዝ ሥራ፣ ከባድ ሸክም፣ የድንጋይ ካባ ክልክል ነው። ስለዚህ የታክሲ ረዳትነትን፣ ጫኝና አውራጅነትንና ድንጋይ መፍለጥን ለልጅ ሥራ አግኝቼለታለሁ ብሎ የሚያቀርብ ሰው ካለ በጋራ እንከልክለው።

ወላጆች፣ ስጋታችሁን አውቃለሁ። “ገንዘብ ካየ ትምህርት ይጠላል” ትላላችሁ። ስጋቱ እውነት አለው፤ መልሱ ግን ልክ ማበጀት ነው። በክረምት ከግማሽ ቀን አይለፍ። ትምህርት ሲከፈት ቅዳሜ ብቻ ይሁን፣ በፈረቃ የሚማርም ቢሆን የጥናት ሰዓቱ አይነካ። ውጤቱ ከወረደ ሥራው እንደሚቆም ወላጅ፣ ልጅና ቀጣሪ አስቀድመው ይስማሙ። ካገኘው ግማሹን በስሙ በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጥ። ስለ ሴቶች ልጆቻችሁ ደግሞ አደራ እላለሁ። ወንድሟ ሲቀጠር እሷ በቤት ሥራ ተይዛ እንዳትቀር የማጀቱን ሥራ ከወንድሟ ጋር አካፍሏት። የሥራ ቦታዋን እናት ሄዳ ትየው፤ ሳይመሽ ትመለስ፣ ደመወዟም የራሷ ይሁን።

በጆሃንስበርግና በኬፕ ታውን ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም ጥሪ አለኝ። ለታናሽ ወንድም መንገድ የምትልኩት ገንዘብ ከፍቅር እንደሚመጣ እናውቃለን። የዚያን ገንዘብ ትንሽ ክፍል ብቻ እዚህ ላለ ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ላኩ፤ ለሁለት ወር የአንድ ልጅ ደመወዝ ግማሹን እናንተ፣ ግማሹን ባለቤቱ ይክፈል። በዚያ አገር ከንጋት እስከ ምሽት ሱቅ ጠብቃችሁ የተማራችሁትን የደንበኛ አያያዝና የሒሳብ ዘዴ በስልክ አስተምሩት። ስለ መንገዱም እውነቱን ንገሩት፤ ከእኛ ይልቅ እናንተን ያምናል።

መምህራን፣ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡን። ስለ ራስ አጭር ማመልከቻ መጻፍን፣ ሱቅ ገብቶ ሰላምታ ሰጥቶ ሥራ መጠየቅን፣ “የለም” ሲባል አመስግኖ ወደሚቀጥለው በር መሄድን አስተምሯቸው። ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች፣ የዕድሩን መዝገብና የቀጣሪዎቹን ስም የምታገናኙበት ማስታወቂያ በግቢያችሁ ይሰቀል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ታናናሾቻችሁን ኮምፒውተር አስለምዱ። የከተማ የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርታቸውን የጨረሱትን እንደምትመዘግቡ ሁሉ የክረምት ሥራ ፈላጊዎችንም መዝግቡ።

ይህ የማይሆን ነው የሚል ካለ፣ በከምባታ የሆነውን ያስታውስ። ቦጋለች ገብሬ በ1997 እ.ኤ.አ. ከእህታቸው ጋር ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርቱ፣ የሴት ልጅ ግርዛትን ማንም የማይነካው ልማድ አድርጎ የሚቆጥረው ብዙ ነበር። እሳቸው ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ወጣቱንና የሃይማኖት አባቱን በአንድ ሸንጎ አስቀምጠው አወያዩ። ሰው ራሱ ተነጋግሮ ራሱ ወሰነ። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ልማዱ ወደ 3 በመቶ መውረዱን ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት መሰከረ፤ እሳቸውም በ2013 እ.ኤ.አ. የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማትን ተቀበሉ። ለዘመናት የኖረን ልማድ በውይይት የጣለ ሕዝብ ለልጆቹ የሁለት ወር ሥራ ማግኘት አያቅተውም።

እንግዲህ ቀን እንቁረጥ። እስከ ሰኔ 15 እያንዳንዱ ዕድር መዝገቡን ይክፈት። እስከ ሰኔ 30 እያንዳንዱ ባለ ሱቅ የሚቀበለውን ልጅ ስም ይያዝ። በሐምሌ የመጀመሪያው ሰኞ ልጆቹ ሥራ ይግቡ። በጳጉሜን ሽማግሌዎች ተሰብስበው የተቀጠሩትን ቆጥረው፣ ያልተቀጠሩትን በስም ጠርተው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይዘጋጁ። አንተ ባለ ዳቦ ቤት፣ አንቺ ባለ ልብስ ስፌት፣ እናንተ የዕድር ዳኞች፣ ሌላው እስኪጀምር አትጠብቁ። ዛሬ ከጎረቤታችሁ አንድ ልጅ ጥሩና “ሐምሌ ስትገባ ና፣ ሥራ አለ” በሉት፤ ደላላው ሳይቀድማችሁ።